የሳንባ ምች በሲቲ ስካን ላይ ምን ይመስላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የደረት ሲቲ ስካን ማንበብ ነው። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የሰው ሳንባ ሳይ እውላለሁ። ከበሩ ውጭ ያለው ወንበር ላይ ደግሞ ትልቁን ፖስታ ጭናቸው ላይ አድርገው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሪፖርቱን ሲከፍቱት የሚያገኙት «ኮንሶሊዴሽን»፣ «ግራውንድ ግላስ»፣ «ትሪ ኢን በድ» የሚል ነው፤ ሐኪማቸው ጋ እስኪቀርቡ ድረስ እንቅልፍ የላቸውም። በየጊዜው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ በአማርኛ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። ይህ ሐኪምዎን አይተካም፤ ሐኪምዎ ፊት ሲቀመጡ ግን ምን ብለው እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ይረዳዎታል።

የሳንባ ምች «ምች» ከምንለው ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ምች ስንል የምናስበው ፀሐይ መታኝ ተብሎ የሚመጣውን ትኩሳትና ራስ ምታት፣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል፣ ዳማከሴውን ነው። የሳንባ ምች ወይም ኒሞኒያ ግን ጀርም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጥቃቅኖቹን የአየር ከረጢቶች ሲያጠቃ የሚመጣ ኢንፌክሽን ነው። አየር የነበረበት ቦታ በፈሳሽ፣ በመግልና ሰውነት ለመከላከል በላካቸው የደም ሴሎች ይሞላል። ይህን ያስቀደምኩት ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ዳማከሴ ሲጠጡ ሰንብተው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

ሲቲ ስካን ሳንባን የሚያየው እንዴት ነው? ጥቁሩ ምንድን ነው፣ ነጩስ?

ራጅ ደረትን አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ያደርገዋል፤ ልብ፣ የጎድን አጥንትና ሳንባ ተነባብረው ይታያሉ። ሲቲ ግን ጨረሩን በደረት ዙሪያ እያዞረ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ ልኬቱን አቀናብሮ ደረቱን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ስስ ቁራጮች ያሳየናል። ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ውስጡ ሲታይ እንደማለት ነው። የአንድ ሰው ምርመራ ብዙ መቶ ሥዕል ይወጣዋል። መሣሪያውን የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ታካሚ የተመረመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ሃውንስፊልድ በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ዛሬም የምንለካው በእሱ ስም በሚጠራው መለኪያ ነው።

በዚህ መለኪያ ውሃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ጤነኛ ሳንባ አብዛኛው አየር ስለሆነ ከዜሮ በታች ከ700 እስከ 900 አካባቢ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አጥንት ከዜሮ በላይ ብዙ መቶ ስለሆነ ነጭ ነው። የሳንባ ምች ማለት እንግዲህ፣ በሲቲ ዓይን፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ መንጣቱ ነው።

ለታካሚ ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ እንጀራ ነው። ጤነኛ ሳንባ ዓይኑ የወጣ እንጀራ ነው፤ ዓይኖቹ በሙሉ አየር ይዘዋል። ወጥ ሲፈስበት ዓይኑ ይጠጣል፣ ይደፈናል፣ እንጀራውም ይከብዳል። እኔ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ የምጠይቀው፦ ወጡ የት የት ፈሰሰ? ምን ያህል ጠጣ? ከየት ተነሥቶ ወዴት ሄደ? የሚለውን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጥ መልስ ነው።

ራጅ ተነሥቼ ነበር፤ ለምን ደግሞ ሲቲ ታዘዘልኝ?

አብዛኛው የሳንባ ምች ሲቲ አያስፈልገውም። ሳል፣ ትኩሳት፣ ጎን ውጋት፣ ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫው የሰማው ድምፅና አንድ ራጅ ሕክምና ለመጀመር ይበቃሉ። ሲቲ የሚታዘዘው ሰውየው በጣም ታሞ ራጁ ንጹሕ ሲሆን፣ መድኃኒት ተወስዶ ለውጥ ሲጠፋ፣ ሳንባ ዙሪያ መግል ወይም ሳንባ ውስጥ ዕብጠት ሲጠረጠር፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ሲሆን፣ ወይም ሕመሙ በዚያው ቦታ ደጋግሞ ሲመለስ ነው።

ስለ ጨረሩ ለሚጨነቁ፦ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የደረት ሲቲ ከ5 እስከ 7 ነው። የሰው ልጅ ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሲቲ ሲያስፈልግ ፈርተው አይተዉት፤ ሳያስፈልግ ደግሞ «ለማንኛውም ይታይልኝ» ብለው አይለምኑ።

«ግራውንድ ግላስ» እና «ኮንሶሊዴሽን» ይላል። የትኛው ነው የከፋው?

ሁለቱም የበሽታ ስም አይደሉም። የታየው ነገር መግለጫ ናቸው።

በክረምት ማለዳ ሰው የሞላበት ታክሲ ውስጥ መስኮቱ በትንፋሽ ሲደበዝዝ ያስቡት። ውጭ የሚያልፈው ሰው ይታያል፤ ነገር ግን በጉም ተጋርዶ ነው። ግራውንድ ግላስ ይኸው ነው። ሳንባው ላይ ስስ ጉም ይወርዳል፤ የደም ሥሮቹ ግን ከጉሙ ጀርባ ይለያሉ። ከረጢቶቹ በከፊል ሞልተዋል፣ ወይም ግድግዳቸው አብጧል ማለት ነው። ኮንሶሊዴሽን ሲሆን ከረጢቶቹ ሙሉ በሙሉ ተደፍነዋል፤ የደም ሥሮቹ በነጩ ውስጥ ጠፍተዋል። ብዙ ጊዜ በዚያ ነጭ መሃል ጥቁር ቅርንጫፍ ይታያል፤ አየር እንደያዘ የቀረ የአየር ቧንቧ ነው። ያን ቅርንጫፍ ሳይ፣ ነጩ ነገር የተሞላ ሳንባ መሆኑን፣ ከሳንባ ውጭ የተቋጠረ ውሃ አለመሆኑን አውቃለሁ።

«ክሬዚ ፔቪንግ» ደግሞ በጉሙ ላይ የቀጫጭን መስመሮች መረብ ሲጨመርበት ነው። የአዲስ አበባ ሰው በደንብ ያውቀዋል፦ የኮብልስቶን መንገድ። «ትሪ ኢን በድ» የሚባለው፣ ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች ጫፋቸው ድረስ በመግል ወይም በአክታ ሲሞሉ እምቡጥ የያዘ የዛፍ ቅርንጫፍ ይመስላሉና ነው።

ክብደቱን የሚወስነው ስሙ ሳይሆን ስፋቱና የሰውየው ሁኔታ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ያለ ኮንሶሊዴሽን ክኒን ተሰጥቶት ቤቱ ሊታከም ይችላል፤ ሁለቱንም ሳንባ የሸፈነ ግራውንድ ግላስ ግን ኦክስጅን፣ አንዳንዴም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይጠይቃል።

ባክቴሪያ ያመጣውስ ምን ይመስላል?

እንደ ባክቴሪያው አካሄድ ይለያያል። በብዛት የሚገኘው ኒሞኮከስ ከአንዱ የአየር ከረጢት ወደ ጎረቤቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየተሻገረ፣ የያዘውን የሳንባ ክፍል እየሞላ ይሄዳል። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል፣ ግራው ሁለት ክፍል አለው፤ በየመካከላቸው ስስ ድንበር አለ። ኢንፌክሽኑ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሲቲው ላይ ነጩ በአንድ በኩል የተቆራረሰ፣ በድንበሩ በኩል ግን በማስመሪያ የተሠመረ መስሎ ይታያል።

አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ አስታውሳለሁ። ሰኞ ማታ አንቀጠቀጠው፤ ረቡዕ አክታው የዝገት መልክ ያዘ፤ ቀኝ ጎኑን ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር የገባው። ሲቲው ላይ የቀኙ ታችኛ ክፍል በሙሉ ነጭ ነበር፤ መሃሉ ላይ ጥቁሮቹ ቧንቧዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው፣ ድንበሩ ላይ ነጩ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ከላዩ ያለው ሳንባ ምንም ያልነካው፣ ጥቁር ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ምስል ከታሪኩ ጋር ሲገጥም ብዙም አያከራክርም።

ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ አብዝተው በሚጠጡና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበረታል። የያዘውን ክፍል ስለሚያሳብጠው ድንበሩ ራሱ ይለጠጣል፤ ሥጋውን አሟሙቶ ጉድጓድ ሊሠራም ይችላል። ስታፊሎኮከስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ ያደከመውን ሰው ይከተላል። በአየር ቧንቧ በኩል ስለሚወርድ ነጩ በሁለቱም ሳንባ እዚህም እዚያም ይበተናል፤ ድንበር አይጠብቅም። መሃሉ የተቦረቦረ መግል ያዘለ ዕብጠት ይሠራል፤ ልጆች ላይ ደግሞ ስስ ግድግዳ ያላቸው የአየር ፊኛዎች ትቶ ያልፋል። በደም በኩል ከመጣ፣ ለምሳሌ ከታመመ የልብ በር ተነሥቶ፣ በሳንባው ዳርቻ ዳርቻ ክብ ክብ እባጮች ይበተናሉ፤ አንዳንዶቹ መሃላቸው ይቦረቦራል።

ማይኮፕላዝማ ግን ጸጥ ያለ ነው። ወጣቶችንና ተማሪዎችን ይይዛል፤ ሳሉ ሳምንታት ይቆያል። የአየር ቧንቧ ግድግዳ መወፈርና እምቡጥ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሰውየው በእግሩ ሄዶ ሲቲው ሲታይ ከራሱ በላይ የታመመ ይመስላል።

ኮቪድና ሌሎች ቫይረሶችስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ያንን ምስል ደጋግመን ከማየታችን የተነሣ በእንቅልፍ ልባችን እንኳ የምናውቀው ሆነ። ጉሙ በሁለቱም ሳንባ፣ በተለይ በዳርቻው፣ ከታችና ከጀርባ በኩል ይወርዳል። ሲከፋ ኮብልስቶኑ ይመጣል፣ ከዚያ ኮንሶሊዴሽኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሲቲው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎች ላይ በአሥረኛው ቀን አካባቢ ጣራው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ቀጭን ክር የሚመስል መስመር ትቶ ይቆያል። ሳንባ ዙሪያ ብዙ ውሃ ወይም ያበጠ ዕጢ ካየሁ «ሌላ ነገር ተጨምሯል» ብዬ እፈልጋለሁ፤ የኮቪድ ብቻውን ባሕርይ አይደለምና።

ኢንፍሉዌንዛና ሌሎች ቫይረሶችም ጉም ያመጣሉ። ከኮቪድ በሥዕል ብቻ ለይቶ መማል አይቻልም።

ከኤች አይ ቪ ጋር እኖራለሁ። ራጄ ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ ግን ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይያዙት። ሲዲ4 (በደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 በታች ሲወርድ ኒሞሲስቲስ የሚባል ፈንገስ የሳንባ ምች ያመጣል። አመጣጡ እንደ ኒሞኮከስ በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በሳምንታት ውስጥ እየሰረቀ ይመጣል። ደረቅ ሳል፣ ቀላል ትኩሳት፣ ትናንት ይወጡት የነበረውን ዳገት ዛሬ መፍራት። ራጁ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ሲቲው ግን ሁለቱንም ሳንባ የሸፈነ፣ ብዙ ጊዜ መሃሉን ይዞ ዳርቻውን የተወ ጉም ያሳያል። አንዳንዴ ስስ የአየር ቋጠሮዎች ይኖራሉ፤ ከፈነዱ አየር ሳንባውን ከውጭ ይጫነዋል፣ ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው። ጉም ጨርሶ የሌለበት ጥሩ ሲቲ ግን ይህን በሽታ በጣም ያርቀዋል፤ የሲቲው ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

መከላከያውም ሕክምናውም ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ መጠኑ ግን የተለያየ ነው። ኤች አይ ቪ ሳይኖርባቸው ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፣ የካንሰር መድኃኒት ላይ ያሉ ወይም ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎችም ይይዛቸዋል፤ እነሱ ላይ እንዲያውም ይፈጥናል።

ቲቢ ነው ወይስ ተራ የሳንባ ምች?

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ትክክልም ነው፣ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናትና።

የቲቢ ባክቴሪያ አየር የበዛበትን የሳንባውን አናት ይወዳል። የላይኛው ክፍል ጫፍና ጀርባ፣ እንዲሁም የታችኛው ክፍል አናት ላይ ይቀመጣል። እዚያ ግድግዳው የወፈረ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከጉድጓዱ የወጣው ነገር በአየር ቧንቧ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ሲዘራ «ትሪ ኢን በድ» ይመጣል። ጉድጓድና እምቡጥ አብረው ካየሁ፣ ታካሚው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ አክታው ዛሬውኑ እንዲመረመር ለላከው ሐኪም እደውላለሁ። በደም ከተሠራጨ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆኑ እልፍ ነጠብጣቦች ሁለቱንም ሳንባ ይሞሉታል፤ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። በልጆችና የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሰዎች ላይ ግን መልኩን ይቀይራል፦ ጉድጓድ አይኖርም፣ ታች ሊሆን ይችላል፣ በደረት መሃል ያሉት ዕጢዎች አብጠው መሃላቸው ይሞታል።

ከሥዕሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚለየው ጊዜው ነው። ኒሞኮከስ ቀናት ቆጥሮ ይመጣል፤ ቲቢ ሳምንታትና ወራት። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል። ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ የአክታውን መልስ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለሚሰጥ በሲቲ ከመከራከር አክታ መስጠት ይሻላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፋርማሲ ሲፕሮ ወይም ሊቮፍሎክሳሲን ገዝተው አይዋጡ። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች፣ በተለይ ሊቮፍሎክሳሲን፣ ቲቢውን ለጊዜው ሊያለዝቡትና ምርመራውን ለሳምንታት ሊያዘገዩት ይችላሉ። ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይመለሳል፣ ጉድጓዱ ግን ይሰፋል።

ለቪዛ ራጅ ተነሥቼ «ጠባሳ አለ» ተባልኩ። ሲቲ ያድነኛል?

የአሜሪካ ቪዛም ሆነ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚደረግ የጤና ምርመራ የደረት ራጅ አለው፤ ድሮ የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳ እዚያ ላይ ይወጣል። ሲቲ ጠባሳውን አጥርቶ ያሳያል፦ የተኮማተረ ሳንባ፣ ኖራ የሆነ ነጥብ፣ የተጎተተ ቧንቧ። አዲስ ጉድጓድ ወይም እምቡጥ ከሌለ የቆየ ይመስላል ማለት እችላለሁ። ጀርሙ ሞቷል ብሎ የሚፈርመው ግን የአክታ ካልቸር፣ ጀርሙ ያድግ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ፣ ነው፤ እሱ ሳምንታት ይፈልጋል። የበፊት ራጅዎ ካለ ይዘው ይቅረቡ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተለወጠ ጠባሳ ከየትኛውም አዲስ ሲቲ በላይ ይናገርልዎታል።

ምግብ ወይም ቅቤ ወደ ሳንባ ከገባ ይታያል?

ይታያል፤ ቦታውም ይመሰክራል። ሰው በጀርባው ተኝቶ ትን ያለው ነገር በስበት ወደ ጀርባ በኩል ይወርዳል፤ የላይኛው ክፍል ጀርባና የታችኛው ክፍል አናት ላይ ይቀመጣል። ቁጭ ብሎ ከሆነ ወደ ታችኛው መሠረት ይሄዳል። የቀኙ ዋና ቧንቧ ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ በመሆኑ ቀኝ በኩል ይበዛል። ስትሮክ የመታው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ሰክሮ የተኛ ሰው ላይ ይህን እጠብቃለሁ።

ስለ ቅቤ መናገር የምፈልገው ሌላ ነገር አለ። በአንዳንድ አካባቢ አራስ ሕፃንን ቅቤ ማዋጥ አለ፤ በፍቅር የሚደረግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቅባት ሳል ሳይቀሰቅስ ቀስ ብሎ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፣ እዚያም ሳንባው ሊያስወግደው አይችልም። ቅባት በሲቲ መለኪያ ከውሃ ያነሰ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች ከ30 እስከ 150 ገደማ፣ ነጩ መሃል ጠቆር ያለ ሆኖ ይለያል። አንቲባዮቲክ ለዚህ ምንም አይሠራም። እባክዎን ሕፃን ተይዞ፣ አፍንጫው ታፍኖ ምንም ነገር አይጋት። ላምባ የጠጣ ልጅም እንዲሁ ነው፦ አያስታውኩት፤ ሲያስታውክ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ፈንገስስ?

ከኒሞሲስቲስ ሌላ ዋናው አስፐርጂለስ ነው፤ በካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሴላቸው የወረደባቸውን ይይዛል። እባጩ ዙሪያውን በጉም ቀለበት ተከቦ ይታያል፤ ደም የፈሰሰበት ነው። ነጭ ሴሎቹ ሲመለሱ እባጩ ከጎኑ የጨረቃ ጠርዝ የሚመስል አየር ይከፍታል። ያረጀ የቲቢ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የፈንገስ ኳስ ሊያድግ ይችላል፤ ታካሚው ሲገላበጥ ኳሱም አብሮ ይንከባለላል፣ ዋናው ምልክቱ ደም መትፋት ነው።

ታዲያ ሲቲው የጀርሙን ስም ይናገራል ማለት ነው?

አይናገርም። ሲቲ የሚያሳየው ጀርሙ የሄደበትን መንገድ ነው፤ ብዙ ጀርሞች ደግሞ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ስሙን የሚነግሩን አክታው፣ ደሙ፣ አንዳንዴም ከሳንባ ታጥቦ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ የምርመራ ማዘዣው ላይ «ሳል» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ መቼ እንደጀመረ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰዱ፣ ስኳር ወይም ኤች አይ ቪ ይኑር አይኑር ቢጻፍ ንባቤ በእጥፍ ይሻላል። ካልተጻፈ ለባለሙያው በአፍዎ ይንገሩት።

ነጭ የሆነ ሁሉ የሳንባ ምች ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚሠራው። የልብ ድካም ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲያመጣ ጉም ይሠራል፤ ግን ልቡ ሰፍቶ፣ በሁለቱም በኩል ውሃ ቋጥሮ፣ ቀጫጭን መስመሮች ይዞ ይመጣል። የሳንባ ደም ሥር ውስጥ የተቀረቀረ የደም መርጋት ዳርቻው ላይ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ነጭ ያሳያል፤ ጎን ይወጋል፣ ደም ያስተፋል፣ ኒሞኒያ ተብሎም ይታለፋል። ኦርጋናይዚንግ ኒሞኒያ የሚባለው በስሙ ኒሞኒያ ቢሆንም ጀርም የለበትም፤ ቦታ እየቀያየረ ይሄዳል፣ መሃሉ ጉም ዳሩ ነጭ የሆነ ቀለበት ይሠራል፣ የሚታከመውም በስቴሮይድ ነው። በማገዶና በኩበት ጭስ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናቶች ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧው በጥላሸት ጠቁሮ ይጠባል፤ ከጠበበው ቧንቧ ወዲያ ያለው ሳንባ ይጨማደድና ኒሞኒያ ወይም ካንሰር ይመስላል። አንዲት እናት ሲጋራ አጭሰው ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቁ ደንግጠው «ኧረ በስመ አብ!» አሉ፤ አርባ ዓመት እንጀራ የጋገሩበትን ማድቤት ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሳንባ ካንሰር ነው። አንደኛው ዓይነት እባጭ ሳይሠራ በአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ እየተሳበ ያድጋል፤ ኮንሶሊዴሽን መስሎ ይታያል፣ ጥቁሮቹ ቧንቧዎች ሳይቀሩ። እኔ ራሴ «የሳንባ ምች» ብዬ የጻፍኩለት አንድ አባት ከሦስት ወር በኋላ ያው ነጭ እዚያው ቦታ ሰፍቶ ተመለሱ። ትኩሳት ያልነበራቸው መሆኑን ያን ጊዜ ማዘዣው ላይ አንብቤው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ትኩሳት የሌለው ኮንሶሊዴሽን ሳይ ሪፖርቱን «ከሕክምና በኋላ ይደገም» ሳልል አልዘጋም።

በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት (ሥዕሉን የሚያደምቀው ፈሳሽ) የግድ ነው?

ለተራ የሳንባ ምች አይደለም። መግል፣ ዕጢ፣ ካንሰር ወይም የደም መርጋት ሲጠረጠር ግን ያስፈልጋል፤ ሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ መግል ግድግዳው በኮንትራስቱ ሲያበራ ከተራ ውሃ ይለያል፣ በቱቦ መውጣት እንዳለበትም ይታወቃል። የኩላሊት ችግር፣ ከዚህ በፊት በኮንትራስት የደረሰብዎ አለርጂ ወይም የሚወስዱት ሜትፎርሚን ካለ መርፌው ሳይገባ ይናገሩ።

ለልጄ ሲቲ ላስነሣው?

በራስዎ ውሳኔ አይሁን። የልጅ የሳንባ ምች በትንፋሽ ቆጠራ ይጠረጠራል፦ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ጊዜ አይሰጥም። ራጅና አልትራሳውንድ ከበቂ በላይ ናቸው፤ ሲቲ የሚመጣው ውስብስብ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ነፍሰ ጡርም መጀመሪያ በራጅና በአልትራሳውንድ ትታያለች፤ ሲቲ ካስፈለገ ግን ጽንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ትንሽ ስለሆነ የእናትየው ምርመራ አይዘገይም። እርግዝናውን መናገር ግን የግድ ነው።

ድኛለሁ፤ ሲቲው ላይ ግን አሁንም አለ ይላል።

ሥዕሉ ከሰውየው ኋላ ነው የሚድነው። ትኩሳትዎ በሦስተኛው ቀን ሊወርድ ይችላል፤ ነጩ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ በዕድሜ የገፉና የሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በሳምንቱ ሲቲ መድገም ገንዘብ ማባከን ነው። ወጣት ከሆኑና ሙሉ በሙሉ ከተሻለዎ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ዕድሜዎ ከ50 ካለፈ፣ ካጨሱ ወይም ሳሉ ካልለቀቀዎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገም፤ አብዛኛውን ጊዜ ራጅ ይበቃል።

ፊልሙን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልላክልዎ?

ዘመድ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሐኪም ጋ እንዲያሳይ ብዙዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ፎቶው ላይ የመብራት ነጸብራቅ አለ፤ ፊልሙ ላይ የታተመውም ከብዙ መቶ ሥዕል የተመረጠ ጥቂት ነው፤ ጉሙን ለማየት ደግሞ ብርሃኑን ራሳችን ማስተካከል አለብን። ከፊልሙ ይልቅ ሲዲውን ይጠይቁ፤ ሙሉው ምርመራ ያለው እሱ ላይ ነው፣ በኢንተርኔትም መላክ ይቻላል። የድሮ ራጅና ሲቲ ካለዎት ፖስታው ላይ ቀኑን ጽፈው አብረው ይያዙት። ፊልም ፀሐይ አይወድም፤ ከፍራሽ ሥርም አይቀመጥ።